ላምባ፣ ከሰል፣ ቡታጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ? ለጤና የሚሻለውን የቤት ነዳጅ ለመምረጥ

ላምባ ጥሩ ስም አለው። ነጭ ጋዝም ይሉታል። ከእንጨት ጋር ሲወዳደር ዓይን አያስለቅስም። ግድግዳ ቶሎ አያጠቁርም። ክብሪት ሲነካው ወዲያው ይያያዛል። ከእንጨት ወደ ላምባ የተሻገረ ቤተሰብ «ተገላገልን» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ የምንመዝነው በዓይናችን መሆኑ ነው። ጭስ ካላየን ጉዳትም የለም ብለን እናርፋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ቤት ውስጥ ነዳጅ መመሪያ ሲያወጣ ላምባን ከንጹሕ ነዳጆች ጋር አልመደበውም። በቤት ውስጥ ባይጠቀሙበት ይሻላል ነው ያለው። ንጹሕ ብሎ የሚቆጥራቸው ኤሌክትሪክ፣ የፀሐይ ኃይል፣ ቡታጋዝ፣ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ባዮጋዝና የአልኮል ነዳጅ ናቸው። ይኸው ድርጅት ቤት ውስጥ በሚነድ ነዳጅ በተበከለ አየር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። አብዛኛው ከእንጨትና ከመሳሰለው ነዳጅ የመጣ ነው። ላምባም ግን በዚያው ሒሳብ ውስጥ አለ።

እዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ዋጋ ውስጥ አልገባም፤ ከቦታ ቦታ ይለያያላ። ሚዛኑ ጤና ብቻ ነው። አቋሜን ግን ከአሁኑ ልናገር፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ለማይችል ቤተሰብ መጀመሪያ ከቤት መውጣት ያለበት ምድጃው አይደለም፣ ኩራዙ ነው።

ላምባ የሚጎዳው በየት በኩል ነው?

በአራት በኩል ይገባል፦ በትንፋሽ፣ በአፍ፣ በቆዳና በእሳት። ብዙ ሰው የሚፈራው እሳቱን ብቻ ነው።

ከትንፋሽ እንጀምር። ላምባ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ጥቃቅን ብናኝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ፎርማልዲሃይድ ይለቃል። ድኝ ያለበት ከሆነ ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል። ጉሮሮ የሚከረክረው፣ አስም ያለበትን ሰው ደረቱን ጥርቅም የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ነው። ብናኙ ግን ከሁሉም ይብሳል። ፒኤም 2.5 የሚባለው ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ከአንድ የጸጉር ዘለላ ውፍረት ጋር ብናወዳድረው ከ20 ጊዜ በላይ ይቀጥናል። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም። ቀጥ ብሎ ወደ ሳንባ ጥልቀት ይወርዳል፤ ከዚያም አልፎ ልብንና የደም ሥርን ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ልክ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮግራም ነው። የላምባ ምድጃ ወይም ኩራዝ በሚነድበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚለካው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኔፓል ውስጥ የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ይነሱ። አንዱ በፖካራ ከተማ ሴቶች ላይ የተሠራ ሲሆን፣ በላምባ መጠቀምና የሳንባ ነቀርሳ አብረው ሲሄዱ አሳይቷል። ሌላው በባክታፑር ሕፃናት ላይ የተሠራ ነው። እዚያም በላምባ በሚበሰልበት ቤት ያሉ ልጆች በኤሌክትሪክ ከሚበሰልበት ቤት ልጆች ይልቅ በሳንባ ምችና በመሳሰለው ሕመም ይበልጥ ሲጠቁ ታይቷል። አብሮ መታየት ምክንያት መሆንን ብቻውን አያረጋግጥም። ሆኖም የላምባን ንጹሕነት ለመጠራጠር በቂ ነው።

ቆዳን በአጭሩ እንለፈው። ላምባ የቆዳን ወዝ ያጥባል። እጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። በላምባ የራሰ ልብስ ሳይወልቅ ከቆየ እሳት ሳይነካው እንኳ ቆዳን አቃጥሎ ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል። ስለ አፍና ስለ እሳት ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ ሰፊ ናቸው።

ለመብራት፦ ኩራዝ፣ ፋኖስ፣ ማሾ፣ ሻማ ወይስ ፀሐይ?

ኩራዝ ከሁሉም የከፋው ነው። መስታወት የለውም፤ ነበልባሉ የሚፈልገውን አየር በሥርዓት አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የመለኪያ ጥናት፣ ኩራዝ ከሚያቃጥለው ላምባ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ጥላሸት ሆኖ እንደሚወጣ አግኝቷል። ከ100 ግራም ከ7 እስከ 9 ግራም ጥላሸት ማለት ነው። ጠዋት ላይ አፍንጫ ሲናፈጡ ጥቁር የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ከመጠኑም በላይ ቦታው ያሳስበኛል። ምድጃ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ኩራዝ ግን ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ሰው ፊቱን አስጠግቶ ይቀመጥበታል። የሚያጠና ልጅ አፍንጫው ከነበልባሉ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። በዚያ ላይ የሚሠራው ከጣሳ ወይም ከጠርሙስ ነው። እግር ሲነካው ይገለበጣል። መኝታ አጠገብ ሲሆንማ አስቡት።

ፋኖስ በብዙ ይሻላል። መስታወቱ አየሩን ወደ ላይ ስለሚስብ ነበልባሉ ይረጋል፤ ጥላሸቱ በጣም ይቀንሳል። ለዚህ ግን ክሩ ዝቅ ማለት አለበት። ብርሃን እንዲጨምር ብለው ክሩን ከፍ ካደረጉት መስታወቱ ይጠቁራል፣ ጥቅሙም ይጠፋል። የማይታዩት ጋዞች እንዳሉ ናቸው፤ መስታወት ያስቀረው ጥላሸቱን ነው እንጂ እነሱን አይደለም።

ማሾ፣ ያ በፓምፕ ግፊት የሚሠራው ደማቅ መብራት፣ ብርሃኑ ሌላ ነው። ብዙ ላምባ ይበላል፤ ክፍሉን ያግላል፤ ግፊት ያለበት ዕቃ ስለሆነም ብልሽቱ አደገኛ ነው። የድሮዎቹ ማሾዎች መረባቸው ቶሪየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበረበት። አሮጌ መረብ ሲቀየር አመዱን እፍ ማለት አይገባም።

ሻማ ጥላሸቱ ያነሰ ነው፤ ግን ክፍት እሳት ነው። መጋረጃ፣ ፍራሽና የተኛ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ሻማን ከላምባ «የተሻለ» ለማለት ያዳግተኛል።

በፀሐይ የሚሞላ መብራት ምንም አያቃጥልም። ጭስ የለ፣ ጋዝ የለ፣ የሚደፋ የለ። ድክመቱ ባትሪው ነው። ርካሹ ቶሎ ይሞታል። ሲገዙ ባትሪው የሚቀየር መሆኑን ይጠይቁ። ቤት ሲደርስ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አውለው ማታ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ይዩ፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር ካልተቀራረበ ይመልሱት። ጥላ ሥር ወይም ከመስኮት መስታወት ጀርባ አስቀምጦ «አይሞላም» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በሶኬት የሚሞላ የእጅ ባትሪም ያው ጥቅም አለው። ክብ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ያለበት ዕቃ ከሆነ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር ይሁን። ልጅ ከዋጣት የምግብ ቧንቧን በሰዓታት ውስጥ ታቃጥላለች።

እንግዲህ ለመብራት ምርጫው አያከራክርም። ፀሐይ ወይም የሚሞላ ባትሪ ይቅደም። ፋኖስ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ኩራዝ ተራው ውስጥም አይግባ። ከምድጃ በፊት ኩራዙ ይውጣ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ምድጃ መቀየር ድስትንም፣ የአበሳሰል ልማድንም፣ የነዳጅ መግዣ ቦታንም መቀየር ነው። መብራት መቀየር ግን አንድ ዕቃ መግዛት ብቻ ነው።

ለማብሰያ፦ እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰባል

የላምባ ምድጃ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ክሩ ዝም ብሎ ይነዳል፤ ቀላል ነው። ክሮቹ እኩል ካልሆኑ ወይም ካረጁ ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ጥላሸት ያወጣል። ባለ ፓምፑ ላምባውን ወደ ትነት ቀይሮ ከአየር ጋር ስለሚቀላቅለው ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ብናኙም ያንሳል። ሲለኮስ ግን ጭስ አለ። ቀዳዳው ሲደፈንና ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ነበልባል ሊተፋ ይችላል። ለሳንባ ብቻ ካሰብን ባለ ፓምፑ ይሻላል። ለቃጠሎ አደጋ ግን ሁለቱም አያስተማምኑም። ባለ ክሩ የነዳጅ ዕቃው እሳቱ ሥር ነው፤ ዘንበል ካለ አለቀ።

እንጨት በብናኝ ብዛት ከላምባ ይብሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቤት ውስጥ የእንጨት ጭስን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ከእንጨት ወደ ላምባ መሄድ ለሳንባ መሻሻል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከእንጨት ጋር ያልነበረ አዲስ አደጋ አብሮ ይገባል። እንጨት ጠጥቶ የተመረዘ ሕፃን የለም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ዳዴ የሚል ወይም ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ያለበት ቤት ከተቻለ ላምባን ዘሎ ወደ ቡታጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ይለፍ። ካልተቻለ ደረቅ እንጨት ጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ላይ፣ ወይም ደጅ ማንደድ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሚነድ ላምባ የማይሻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሰል ሰውን ያታልላል። ፍሙ ከቀላ በኋላ ጭስ የለውም፤ ሰው «ነጽቷል» ብሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በዚያን ጊዜ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። በደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምራል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ደጅ ሲወጣ ከተሻለው፣ ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ አይደለም። ወዲያው ሁሉም ይውጣ። በካርቦን ሞኖክሳይድ ረገድ ከሰል ከላምባ ይብሳል፤ ከላምባ ሸሽቶ ወደ ከሰል መሄድ መፍትሔ አይደለም።

ቡታጋዝ ብናኙ በጣም ጥቂት ነው። ልጅ አይጠጣውም። እሳቱን ወዲያው ማጥፋት ይቻላል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃልና መስኮት አሁንም ይከፈት። የሚያስፈራው ሲያፈስ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በራሱ አይበንም። ለዚህ ነው ሆን ተብሎ የሚጨመርበት የሚከረፋ ሽታ ያለው። ሲሸት ቫልቩን ይዝጉ፤ በርና መስኮት ይክፈቱ፤ መብራት አያብሩም አያጥፉም። ቱቦው የት እንደሚያፈስ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው እንጂ በክብሪት አይደለም። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ። ቱቦው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ሳይዘገይ ይቀየር። ሰዎች ለምድጃው ሳይሰስቱ ለቱቦው ይሰስታሉ፤ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የአልኮል ነዳጅ፣ ማለትም ኤታኖል፣ ንጹሕ ሆኖ ይነዳል። ናይጄሪያ ውስጥ በኢባዳን ከተማ ነፍሰ ጡር ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተካሄደ ጥናት አለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ግማሾቹ በኤታኖል ምድጃ አበሰሉ፤ ግማሾቹ በቀድሞው እንጨት ወይም ላምባ ቀጠሉ። ኤታኖል የተጠቀሙት የታችኛው የደም ግፊታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ለነፍሰ ጡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አደጋው ነበልባሉ በቀን ብርሃን በቅጡ አለመታየቱ ነው። ጠፍቷል ብለው ሲጨምሩበት ይይዛል። እንደ ላምባው ሁሉ ውኃ ስለሚመስልም ከልጅ ይራቅ።

ኤሌክትሪክ ቤት ውስጥ ምንም አያቃጥልም። በትንፋሽ በኩል የሚወዳደረው የለም። ዘይት ሲጠበስ የሚወጣው ጭስ ግን በኤሌክትሪክም ቢሆን አለ፤ መስኮቱ ይከፈት። ገመዱና ሶኬቱ ምድጃውን የሚችሉ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ይይ። ኢንዳክሽን የሚባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ድስቱን እንጂ መደቡን በቀጥታ ስለማያግል ቃጠሎን ይቀንሳል። ሁሉም ድስት ግን አይሠራበትም። ማግኔት ከድስቱ ቂጥ ላይ ከተጣበቀ ይሠራል፤ ካልተጣበቀ አይሠራም። ባዮጋዝም ከብት ላለው ቤተሰብ ጥሩ ነው፤ እበትና ውኃ ካልጎደለ ንጹሕ ነበልባል ይሰጣል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ንጹሕ ነዳጅ ሁሉንም አይፈታም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ለቤተሰቦች ቡታጋዝ ሰጥቶ ከእንጨትና ከመሳሰለው ጋር አወዳድሮ ነበር። የሚተነፍሱት ብናኝ በጣም ቀነሰ። የሕፃናቱ የልደት ክብደትና የሳንባ ምች ግን ከሌላው ቡድን ጎልቶ አልተለየም። ይህ ማለት ጭስ አይጎዳም ማለት አይደለም። ምድጃ ስለተቀየረ ብቻ ልጅ አይታመምም ብሎ መዘናጋት ግን አይገባም።

ደግሞም ብዙ ቤት ሁለት ሦስት ምድጃ ነው ያለው። አዲሱ ይገዛል፤ አሮጌው ጥግ ይቀመጥና «ለችግር ጊዜ» እየተባለ በየቀኑ ይነዳል። ሳንባ የሚቆጥረው የተገዛውን አይደለም፤ አሮጌው የነደደበትን ሰዓት ነው። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠባባቂው ቡታጋዝ ቢሆን ይሻላል። ላምባ ተጠባባቂ ሲሆን ጀሪካኑ ቤት ውስጥ ይቀራል፤ አደጋውም አብሮ ይቀራል።

መስኮት የሌለው አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ኤሌክትሪክ ይቅደም፤ ካልሆነ ነዳጁ ምንም ይሁን ምን ደጅ ወይም ከበሩ ውጭ ይነድ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቤት ላምባና ከሰል አብረው ይውጡ። መርሳት የጀመሩ አረጋውያን ብቻቸውን የሚያበስሉ ከሆነ በራሱ የሚጠፋ ኤሌክትሪክ ምድጃ ከቡታጋዝም ይመረጣል።

ለማሞቂያ

ጭስ ማውጫ የሌለው የላምባ ማሞቂያ የሚያወጣው ነገር ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ አንድ ሊትር የሚያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መስኮቱ የሚያልበው፣ ጥግ ጥጉ የሚሻግተው ለዚህ ነው። ሻጋታው ደግሞ ለአስም ሌላ ጠንቅ ነው። ብርዱ አስገድዶ ከተጠቀማችሁ መስኮቱ ትንሽ ይከፈት፤ ከመተኛታችሁ በፊትም ይጥፋ። ከሰል ለማሞቂያ መኝታ ክፍል ማስገባት በምንም ሁኔታ አይመከርም። ሙቅ ውኃ ለዚሁ በተሠራ የጎማ መያዣ ሞልቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት የድሮ ዘዴ ቢሆንም ከሁለቱም ይሻላል።

ሕፃን ላምባ ቢጠጣ

ይህ ክፍል ለሁሉም ይመለከታል፤ ላምባን ለቆሻሻ ማስለቀቂያ ብቻ የሚያስቀምጡትንም ጭምር። በብዛት የሚጎዱት ከ1 እስከ 3 ዓመት ያሉት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ላምባ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። የሚቀመጠው በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ነው። ልጁ ይጠማዋል፤ ያነሳዋል።

የሚገድለው ሆድ ውስጥ የገባው አይደለም። ላምባ በጣም ቀጭን ፈሳሽ ነው። ሲውጡት ወይም ሲያስመልሱት ሾልኮ ወደ ሳንባ ይገባል፤ እዚያ ተሰራጭቶ ሳንባውን ያቆስላል። ከአንድ ሚሊ ሊትር ያነሰ እንኳ ይበቃዋል። ስለዚህ ሰው ወዲያው የሚያደርገው ነገር፣ ጣት ከቶ ማስመለስ፣ ከሁሉ የከፋው ነው። አንዴ የወረደውን እንደገና በሳንባው በር በኩል ማሳለፍ ነው። ወተት፣ ዘይት፣ ቅቤ ወይም ሎሚ አይሰጠው። እነዚህ መርዙን አያረክሱም፤ ማስመለስን ያመጣሉ።

የሚደረገው ይህ ነው። ጠርሙሱን ይውሰዱበት። የራሰ ልብሱን አውልቀው ቆዳውን በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ያረጋጉት። ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት። የጠጣውን ዕቃ ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሳል፣ ትንታ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ የከንፈር መጥቆር፣ ድካም ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ካያችሁበት አንድ ደቂቃም አትቆዩ። ደኅና ቢመስልም ሐኪሞች 6 ሰዓት ያህል አቆይተው ያዩታል፤ የሳንባው ጉዳት ዘግይቶ ሊወጣ ስለሚችል ነው። ሆድ ማጠብ በዘልማድ አይደረግም። ሐኪሙ «አላጥብም» ቢል ቸል ብሎ አይደለምና አትጨቃጨቁ።

አቀማመጡንም እናወዳድር። የመጠጥ ጠርሙስ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ለልጁ መጠጥ ነው ብሎ ራሱ ይናገራል። ጀሪካን ይሻላል፤ ግን ክዳኑ ልል ነው፤ ተቀድቶ የተረፈውም ኩባያ ውስጥ ይቀራል። ልጅ የማይከፍተው ክዳን ያለው ዕቃ ከሁሉ ይበልጣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ክዳን ያላቸው 20,000 ዕቃዎች ለቤተሰቦች ታድለው ነበር። በዚያ አካባቢ ላምባ የሚጠጡ ልጆች ቁጥር ወደ ግማሽ በሚጠጋ ቀነሰ። ክዳን ብቻ!  እንዲያም ሆኖ ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ አይቅርበት።

አዋቂም ይመረዛል። በቱቦ በአፍ ስቦ ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ሳንባው ላይ ያንኑ ጉዳት ያመጣል። ላምባን ለቅማል ጸጉር ላይ መቀባት፣ ለቋቁቻ ማሸት፣ ለእባብ ንክሻ መጠጣት ሁሉም ይቅር። ጸጉር ላይ የተቀባ ላምባ ምድጃ አጠገብ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ለጊዜው ከላምባ መውጣት ካልተቻለ

የጠራ ላምባ ትነቱ እሳት የሚይዘው 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ እንኳ ይይዛል። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ላምባነቱ ያበቃል፤ ምድጃ የሚያፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ቤንዚን የተቀዳበት ጀሪካን ላምባ አይቀዳበት። የቤንዚን ሽታ ካለው ወደ ምድጃ አይግባ። ለኩሶ መሞከርማ ፈጽሞ አይታሰብ።

ሲሞላ ምድጃው ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ደጅ፣ በቀን ይሁን። ወጥ ላይ እያለ ነዳጅ አለቀ ብሎ የጋለ ምድጃ ላይ መጨመር የብዙ ቃጠሎ ምክንያት ነው። ክሩ ይስተካከል፤ ቢጫ ነበልባል ሲመጣ ምድጃው ይጽዳ። መስኮትና በር ሁለቱም ይከፈቱ፤ አንዱ ብቻ ሲሆን አየሩ አይዘዋወርም። ምድጃው ወለል ላይ ከሆነ ልጅ ይደርስበታል፤ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ይወድቃል። የማይነቃነቅ፣ ወገብ የሚደርስ መደብ ይሻለዋል። የሚያበስል ሰው የተንዘረፈፈ ናይለን ልብስ አይልበስ።

ላምባ ሲያያዝ ውኃ አይደፋበትም። ላምባው ውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። ክዳን፣ የራሰ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አሸዋ ይጣልበት። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ተኝቶ ይንከባለል። የተቃጠለ ቆዳ 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ይያዝ። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል አይነኩት።

በመጨረሻ ላምባውን ስትተዉት የተረፈውን ፍሳሽ ውስጥ ወይም መሬት ላይ አትድፉት፤ የጉድጓድ ውኃ ይበክላል። አሁንም በላምባ ለሚያበስል ጎረቤት መስጠት ይሻላል። ጀሪካኑ ቢታጠብም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም፤ ሽታው እንኳ አይለቅም። ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት ታችውን በስታችሁ ጣሉት።